ማንም የለበትም ስለተባለው አቅጣጫ

ለተከበሩ የኔትወርክ ማሻሻያ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና በሥርዎ ለሚያገለግሉት ባለሙያዎች በሙሉ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ ልክ እንደ መምሪያዎ ሪፖርት ከሩብ ዓመት ወደ ሩብ ዓመት እየተሻሻለ እንዲሄድ፣ እንደ ሪፖርቱም በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በሰውነትዎ ላይ እንዲታይ ከልብ እመኛለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ እኔ የሚወራውንና ከእርስዎም ጆሮ እንደ ደረሰ የሰማሁትን ወሬ ማረም አለብኝ። «አሮጊቷ ጣራ ላይ ወጥታ አንቴናውን በመጥረጊያ ደበደበችው» ተብሏል። ይህ ሐሰት ነው። መጥረጊያ ይዤ ጣራዬ ላይ መውጣቴ እውነት ነው፤ የወጣሁት ግን ሠራተኞችዎ ጥለውት የሄዱትን የሽቦ ቁርጥራጭና ርግቦች ከአንቴናው ሥር የሚተዉትን ለመጥረግ ነው፤ አንቴናው ከቆመ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ማንም ጠያቂ የማደርገው ይህንኑ ነው። ወሬውን የነዛችው ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ብሎ የሚጠራት የእህቴ ጎረቤት ስትሆን፣ እሷም መጥረጊያውን አይታ ሐሳቤን ያነበበች መስሏት ነው። ሐሳቤን በትክክል አንብባው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እኔ የተማርኩት ሐሳብና እጅ ለየብቻ እንዲቀመጡ በሚያዝ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ አንቴናዎ እስከ ዛሬ ድረስ አንዲት ጭረት አላገኘችውም። «ጨረሩ ራሷን አዙሮባት ነው» የሚለው ተጨማሪም ሐሰት ነው። ራሴ ባለበት አለ፤ የዞረው ጨረሩ ነው።

ይህ ደብዳቤ በአደባባይ የሚነበብ ስለሆነ፣ እርስዎ በሚገባ የሚያውቁትን ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የስልክ ቤት ኦፕሬተር፣ በኋላም የኦፕሬተሮቹ አለቃ ነበርኩ። እርስዎ ደግሞ ያ የቆየ የስልክ ማዞሪያ ቤት ከመዘጋቱ በፊት አጠገቤ ተቀምጠው ሥራ የለመዱ የመጨረሻው ተለማማጅ ነበሩ። በዚያን ጊዜ «አለቃ» ይሉኝ ነበር፤ ትልቅ ወንበር ላይ ከተቀመጡም በኋላ ይህን ስም አልተዉትም፤ በተለይ ጣራዬን በፈለጉበት ቀን ደጋግመው ጠርተውኛል። ቤቴ የዳገቱ አናት ላይ ስለሆነ ለአንቴና የተመቸ ነው ብለው ሲለምኑኝ ውል አላበዛሁም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ እህቴ ዘንድ እንዲደርስ።

ታላቅ እህቴ ከዳገቱ ሥር፣ ከትልቁ የድንጋይ ግንብ ጀርባ፣ በአባታችን ቤት ትኖራለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት የያዛት ሕመም ቀኝ ጎኗንና አንደበቷን ወሰደባት፤ ጆሮዋና አእምሮዋ ግን ከእኔ ይሻላሉ። መናገር በምትችልበት ዘመን ወደ እኔ ቤት እንድትመጣ ስለምናት «የራሴ በር እያለኝ በሰው ደረጃ አልወጣም» ብላኝ ነበር፤ አንደበቷ ከሄደ በኋላም ሐሳቧ ከዚያው አልተነቃነቀም። ስለዚህ ቀን ቀን እኔ እወርዳለሁ፤ ሲመሽ ደግሞ የምንግባባው በሚስኮል ነበር። ሕጋችን ቀላል ነው፤ ከደወለች «ነይ» ማለቷ ነው፤ ካልደወለች ደህና ነች። ዝምታዋ ደህና እደሪ ማለቷ ነበር። ሌላው ሰው ሚስኮል የሚያደርገው ሂሳብ ለመቆጠብ ነው፤ እህቴ ግን ሌላ አፍ የላትም። አንቴናው ከቆመ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጠርታኛለች፤ አንዴ ቧንቧ ተከፍቶ ቀርቶባት፣ አንዴ ድመት ገብቶባት፣ አንዴ ደግሞ እንዲሁ ናፍቄያት፤ ለዚህኛውም በደህና እጇ ጣቶች የድመት ጆሮ ሠርታ ነገሩን በድመቱ አሳብባለች። ሦስቱንም ጊዜ ደርሶኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ ወርጃለሁ።

ስልኩን ያመጡላት እርስዎ ራስዎ ነዎት። በጥብጣብ አንገቷ ላይ አሰሩላት፤ ዓይኗ ፊደል ስለማይለይም ስትነካው ወደ እኔ እንዲደውል አድርገው የእኔን ፎቶግራፍ በመስታወቱ ላይ አስቀመጡላት። ከዚያም ከአልጋዋ አጠገብ በርከክ ብለው፣ ጣራዬ ላይ የሚታየውን ቀይ መብራት በመስኮቱ እያሳዩ፣ «እትዬ፣ አንቴናው ፊት ለፊትዎ ነው፤ ይቺን ከነኩ ደረሰ ማለት ነው፤ በጭራሽ እንዳይጠራጠሩ» አሏት። እህቴ በሕይወቷ ሐኪሙንም፣ ሚዛን የሚይዘውን ነጋዴም፣ እኔንም ሳትጠራጠር ያመነችበት ቀን የለም። እርስዎን ግን አመነች። በግማሽ ፊቷም ፈገግ አለችልዎ።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ በታላቅ ትሕትና፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ጭብጨባዬ።

የማሻሻያ ሥራው በተመረቀበት አዳራሽ በክብር እንግድነት ጠርተው ከፊተኛው ረድፍ ስላስቀመጡኝ ላመሰግን እወዳለሁ፤ ወንበሩ ለስላሳ ነበር። በዚያ ቀን ለሁላችንም በሚገባን ቋንቋ እንዳስረዱን፣ የድሮ አንቴና እንደ ባውዛ አካባቢውን በሙሉ ያጥለቀልቃል፤ የዛሬው ግን እንደ እጅ ባትሪ ቀጭን ቀጭን ጨረር እየላከ፣ በየአቅጣጫው እየዞረ «ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የመለሰለትንም ስልክ ተከትሎ ይሄዳል። ሁሉንም አቅጣጫ ሁልጊዜ መጠየቅ ግን ጊዜም ኃይልም ያባክናል፤ ስለዚህ የእርስዎ ማሻሻያ አንቴናው ሰው የሚበዛበትን እንዲለምድና ከዚያው እንዲጀምር ማድረግ ነው። ይህ ብልህነት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ወሬው ሳይቋረጥበት ከአንዱ ጨረር ወደ ሌላው ሲተላለፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሙያዬም ኮርቻለሁ። ይህ ምስጋና የእውነት ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ላይሆኑ ይችላሉ።

ቀጥለው በግድግዳው ላይ የአንቴናዬን ሥዕል አሳዩን። ጨረሮቹ እንደ አበባ ቅጠል ዙሪያውን ተዘርግተው ነበር፤ ወደ ገበያው፣ ወደ አዲሱ ሕንፃና ወደ አውራ ጎዳናው ያሉት ቅጠሎች ደልበዋል፤ ከታች በኩል ግን አንዱ ቅጠል ተቀንጥሷል። በዘንግ እየጠቆሙ «ይህ ትራፊክ የሌለበት፣ ደዋይ የማይገኝበት አቅጣጫ ነው፤ ባዶ ቤት ማንኳኳት አቁመናል» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም፣ ተማሪዬ በሰው ፊት ሲያምርበት አይቼ ደስ ስላለኝ፣ አጨበጨብኩ። የተቀነጠሰው ቅጠል የማን መስኮት ላይ ያርፍ እንደነበር ሥዕሉ ላይ አልተጻፈም። ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ቢያንስ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጥ ነበር።

፪ኛ፤ ስለ ባዶው ቤት።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ምሽት እህቴ ከአልጋዋ ተንሸራታ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ስልኩ አንገቷ ላይ ነበር። ነካችው። ስንት ጊዜ እንደነካችው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እኔ በዚያች ሰዓት ከአንቴናዎ ሥር ቁጭ ብዬ የአንሶላ ጠርዝ እሰፋ ነበር፤ ከራሴ በላይ የአንቴናው ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ያጉረመርማል፤ ስልኬ ዝም ብሏል፤ ዝምታውንም እንደ ወትሮው ደህና እደሪ ብዬ ተቀብዬው ተኛሁ።

ጠዋት ዳቦ ይዛ የገባችው ሬዲዮ አገኘቻት። ስለ እኔ ያወራችውን ሁሉ በዚህ ይቅር ብያታለሁ። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ትከሻዋ ግን አብጦ ነበር። እኔ ደርሼ ስጎነበስላት ስልኩን ከአንገቷ አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፤ አንድ ጣቷን ወደ ቀዩ መብራት፣ ቀጥላ ወደ እኔ ቀሰረችው፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ክቡር ሆይ፣ እህቴን የማንበብ ልምድ ስላለኝ ያለችውን ልተርጉምልዎ። «ከነካሁት ደረሰ ማለት ነው ብሎኛል። ስለዚህ ደርሶሻል። አልመጣሽም» ነው ያለችው።

አልደረሰኝም ብዬ ማልሁላት። እፊቷ ስልኳን ነካክቼ የእኔ ስልክ አለመጮኹን አሳየኋት። በእጇ አየሩን ቆርጣ መለሰችልኝ፤ ዛሬ አለመሥራቱ ያን ምሽት አለመሥራቱን አያሳይም ማለቷ ነው፤ እንዲህ ያለ የማስረጃ ጥንቃቄ የአባታችን ቤት ልማድ ስለሆነ ልከራከራት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ስታጎርሳት ትበላለች። የእኔ እጅ ሲቀርብ አፏን ትገጥማለች። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በአንድ ሳህን የበላን ነን።

፫ኛ፤ ስለ ትሕትና።

የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዎ ድምጿ እንደ ማር ነው። «እማማ፣ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት» አለችኝ፤ አጠፋሁት፣ አበራሁት። «እማማ፣ አሁንስ?» አለችኝ፤ አሁንም አልኳት። በዚህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ካሳለፍን በኋላ ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ ተላከልኝ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ባለሙያው የእህቴን በር ደፍ ሳይሻገር ኮምፒውተሩን ተመልክቶ፣ አልጋው ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ምንም ብልሽት የለም፤ ሁሉም ነገር በትክክል እየሠራ ነው!» ብሎ አወጀ። እህቴ ይህን ሰምታ ዓይኗን ጨፈነች። የቀረውን የነገረኝ ግቢው ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ በዚህ አቅጣጫ ትራፊክ ስለሌለ ጨረር አይመደብም አለኝ። መፍትሔውን ስጠይቀው «እህትዎ በዛ አድርገው ይጠቀሙ፤ ቪዲዮ ይክፈቱ፣ ረዘም ያለ ወሬ ያውሩ፤ ሲስተሙ ራሱ ይለምዳቸዋል» አለኝ። እህቴ መናገር እንደማትችል ነግሬው፣ ብትችልም በሌለ ኔትወርክ ላይ በዛ አድርጎ ማውራት እንዴት እንደሆነ በአክብሮት ጠየቅሁት። ይህ ጥያቄ የሌላ ክፍል ነው አለኝ።

፬ኛ፤ ባለሙያው ከሄደ በኋላ «አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ይኼ ደረሰኝ።

፭ኛ፤ ስለ እርስዎ።

ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ደጋግማ ከነገረችኝ በኋላ አንድ ቀን ስልኩን ራስዎ አነሱት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩዎ፤ ስለ ትከሻዋም፣ ስለ ግድግዳውም። «አለቃ፣ አንድ ሰው እኮ ናት፤ በመቶኛው ውስጥ አትታይም» አሉኝ፤ ማመልከቻ እንዳስገባም መከሩኝ።

ሙያውን ላስተምርዎ አልመጣሁም። ዛሬ እርስዎ ስለ ጨረር የሚያውቁትን እኔ በሌላ ዕድሜ ብወለድም አልደርስበትም። ቅሬታዬ አለማወቅዎ ሳይሆን ማወቅዎ ነው። ማዞሪያ ቤታችን ጠዋት ለደንበኞች ከመከፈቱ በፊት መስመሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ እንፈትሽ እንደነበር ያስታውሳሉ። «ምንም የማይደውሉትን ለምን እንፈትሻለን? እንዝለላቸው» ብለው የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት። የዚያን ቀን ፍተሻውን ለእርስዎ ብቻ ተውኩልዎ። ሞቶ ያገኙት የጡረተኛውን ልብስ ሰፊ መስመር ነበር፤ ሽቦውን አይጥ በልታው ኖሯል። ላኪ ሳይልክዎ ወደ ቤቱ ሮጡ። ሲመለሱ ምሳ አልበሉም። ሰውዬው ስልኩ መሞቱን አያውቅም ነበር፤ ልጆቹ የተዉት መስሎት በሩን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ዝም ያሉትን መስመሮች እንደ እርስዎ ረዘም አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ጣራዬን የሰጠሁት ለዚያ ወጣት ነው። ለመምሪያው አልነበረም። ያ ወጣት ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤትዎ ካለ እንዲያገናኘኝ በትሕትና እለምናለሁ። እርስዎ የእህቴን መኖር ትተው መደወሏን ብቻ ቆጠሩ እንጂ፣ አንቴናው «ማን አለ?» ሲል ስልኳ እኮ ሁልጊዜ «አለሁ» ይል ነበር። ይህን እኔ ልነግርዎ አይገባም ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ካሳ የለም። ለእኔ ይቅርታ እንዲጠይቁኝም አልፈልግም፤ ቢጠይቁኝ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። የተቀነጠሰው ቅጠል ይመለስ፤ ይህ ሥራዎ ነው። ከዚያ በላይ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይምጡ፤ በርከክ ባሉበት ቦታ እንደገና በርከክ ይበሉ፤ «እትዬ፣ ያን ምሽት አልደረሰም ነበር፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ» ይበሏት። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ ቃሉ የእርስዎ ስለሆነ ሊያነሣው የሚችለው እርስዎ ብቻ ነዎት። እህቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ይህችን ዓለም እኔ ሰምቼ እንደቀረሁባት እያመነች ልትለያት አይገባም።

ውድ ጊዜዎን በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ፣ ያውም በመቶኛው ውስጥ በማትታይ ሰው፣ ስለወሰድኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለመምሪያዎ ተጨማሪ ሽልማት፣ ለአዳራሽዎ ተጨማሪ ጭብጨባ፣ ለእርስዎ ደግሞ በእርጅናዎ ዘመን ዝም ሲሉ «ምን ሆነው ይሆን?» የሚል ሰው እመኛለሁ።

በታላቅ አክብሮት፤
ከአንቴናዎ ሥር፣ ጨረርዎ በላይዋ የሚያልፍ፣
የርግብ ኩስ ጠራጊዎና የቀድሞ አለቃዎ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ያልሆነ ወሬ እንደገና እንዳይደርስዎ፣ ነገ ጠዋት የማደርገውን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

መጀመሪያ ፊቴን ታጥቤ ጣራውን ለመጨረሻ ጊዜ እጠርጋለሁ።

ቀጥዬ ወደ ጣራው የሚያስወጣውን የደረጃ የብረት በር እቆልፋለሁ፤ አንቴናው አይነካም፤ መብራቱም አይጠፋም።

ከዚያ ፍራሼን አስጠቅልዬ ወደ አባታችን ቤት እወርዳለሁ፤ የማነጥፈውም እህቴ ፊቷን ባዞረችበት በግድግዳው በኩል ነው።

በመጨረሻም የጣራውን በር ቁልፍ ስልኩ ይንጠለጠልበት በነበረው ጥብጣብ አስሬ አንገቷ ላይ አጠልቅላታለሁ። ከአሁን በኋላ ለጥገናም ሆነ ለተጨማሪ ማሻሻያ ወደ አንቴናው መውጣት የሚፈልግ ሁሉ ቁልፉን የሚቀበለው ከእሷ እጅ ነው። መናገር አትችልም፤ ግን በደንብ ትሰማለች፤ ሊነገራት የሚገባውን ለነገራት ሰው እንደምትሰጥ አልጠራጠርም።

ከመምጣትዎ በፊት መደወል አያስፈልግም። በዚያ አቅጣጫ ማንም የለም።